የደብዛዛዎቹ ብልቃጦች

ለቃሚዋ ከምላሷ ይልቅ እጇን ታምናለች። ምላሷ ሰው ፊት ሲሆን ይተሳሰርባታል፤ እጇ ግን አንድም ቀን አሳፍሯት አያውቅም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በአንድ ትልቅ መጋዘን ውስጥ ባቄላ ለቅማለች። ከሌሎች አርባ ሴቶች ጋር በረጅሙ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጣ፣ የነቀዘውን፣ የተጨማደደውን፣ የጠቆረውን ወደ ግራ፤ አንደኛ ደረጃውን ወደ ቀኝ። ሊመሽ ሲል አለቃው ይመጣና ቀኝ ጆንያው ውስጥ እጁን እስከ ክንዱ ሰዶ ይበረብራል። አንዲት የነቀዘች ፍሬ ካገኘ ጉድ ፈላ። ከእሷ ጆንያ ግን አግኝቶ አያውቅም።

ከመጋዘኑ ያወጣት ሳል ነው። አቧራው ደረቷ ውስጥ ገብቶ አልወጣም አለ። ከታላቅ እህቷ ጋር በአንድ ግቢ ሁለት ክፍል ተከራይተው ነው የሚኖሩት፤ እህትየዋ ልብስ ሰፊ ናት፣ ምላሷም እንደ መቀሷ ነው። «አንቺ ልጅ፣ ባቄላው አንቺን ሳይለቅምሽ በጊዜ ውጪ» ስትላት ከረመች። በመጨረሻ አንዲት ደንበኛዋ ቀሚስ ልትለካ መጥታ፣ የምታጸዳበት መሥሪያ ቤት ዓይኗ ጥሩ የሆነ ሴት እንደሚፈለግ ነገረቻቸው።

«ምን ልትሠራ?» አለች እህትየዋ፣ መርፌ በጥርሷ እንደያዘች።

«የድንጋይ ዶክተር አለች። እሷ ጋ አሸዋ ልትለቅም።»

«ድንጋይ ደግሞ ምኑን ያመዋል?»

ተሳሳቁ። በሳምንቱ ግን ለቃሚዋ ነጭ ካፖርት ለብሳ ማይክሮስኮፕ ፊት ተቀመጠች። የስድስት ወር ሙከራ ነበር። ከስድስት ወር በኋላ ወይ ቋሚ፣ ወይ ወደ አቧራው።

ሥራው እንዲህ ነው። ከአንድ ወንዝ ዳር፣ ከዘጠኝ ቦታ፣ አሸዋ በከረጢት ይመጣል። ይታጠባል፣ በወንፊት ይነፋል፣ ብረት የያዘውን ማግኔት ይስበዋል። የተረፈው ከባድ ፈሳሽ ውስጥ ሲገባ ቀላሉ ይንሳፈፋል፣ ከባዱ ይሰምጣል። ከአንድ ከረጢት የሚቀረው በሁለት ጣት የሚቆነጠጥ ነው። እዚያች ቁንጥር ውስጥ ዚርኮን የሚባሉ ፍሬዎች አሉ፤ በባዶ ዓይን ብናኝ፣ በማይክሮስኮፕ ሲያዩአቸው ግን እንደ ተሳለ ብርጭቆ። ለቃሚዋ በረጠበ የመርፌ ጫፍ አንድ በአንድ ታነሳቸውና በሚያጣብቅ ፕላስተር ላይ ትደረድራቸዋለች። ከዚያ የማሽኑ ሰውዬ ይረከባቸዋል። ሙጫ ያፈስባቸዋል፣ ሆዳቸው እስኪከፈት ይሞርዳቸዋል፣ ከዚያ በሌዘር ከፀጉር የቀጠነ ጉድጓድ ያቃጥልባቸዋል። የወጣውን ጢስ ማሽኑ ይስበውና ውስጡ ያለውን ይቆጥራል።

«ምኑን ነው የሚቆጥረው?» ብላ ጠይቃ ነበር በመጀመሪያው ሳምንት፣ ራሷም እየደነገጠች።

ዶክተሯ ስልሳ ዓመት የሚጠጋት፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ የምትፈልግ ሴት ናት። ጥያቄ ትወዳለች። «ፍሬዋ ከቀለጠ ድንጋይ ውስጥ ነው የምትወለደው» አለቻት። «ስትወለድ ዩራኒየም ይዛ ነው፤ እርሳስ የላትም። ዩራኒየሙ እያደር እያደር እርሳስ ይሆናል። ስንቱ እንደተለወጠ ከቆጠርን የልደት ቀኗን አወቅን ማለት ነው። እሳተ ገሞራው መቼ እንደነደደ ከሷ እንሰማለን።»

«ተራራው ሄዶ አይጠየቅም?»

«ያለውን እንጠይቃለን። ስንቱ ግን ዝናብ አጥቦት ጠፍቷል። ልጆቹ ናቸው ወንዙ ውስጥ የቀሩት።»

ይህን ነገር ለእህቷ ስትነግራት፣ እህትየዋ የስፌት መኪናዋን አቁማ «አይ የዘንድሮ ሰው» ብቻ አለች። ለቃሚዋ ግን ወደደችው። ሳሏ ቀለለ። እጇም ቤቱን አገኘ። ከእሷ በፊት ትለቅም የነበረችው አሮጊት ጡረታ ከመውጣቷ በፊት ሦስት ቀን አሳይታት «ዚርኮኑን ልቀሚ፣ ሌላውን ተዪ፣ ይኸው ነው» ብላት ሄደች። የማሽኑ ሰውዬ፣ ቀልድ ካላወራ የሚታመም የሚመስለው ሰው፣ አንድ በአንድ ስትለቅም አይቶ «ወፌ» ብሎ ስም አወጣላት። «ወፌ፣ ያንቺ ፍሬዎች እኮ ሙሽራ ናቸው! አንድም ቆሻሻ የለባቸውም» ሲላት አንጀቷ ቅቤ ይጠጣል።

አንድ ነገር ብቻ ነበር። በሩ አጠገብ ግድግዳው ላይ ስምንት ቁጥር ያለው የሥራ መመሪያ ተለጥፏል። ለቃሚዋ ትምህርት ያቋረጠችው ከሦስተኛ ክፍል ነው። ማንበብ ትችላለች፤ ግን ጣቷን ከፊደሉ ሥር አድርጋ፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች፣ ቀስ ብላ ነው። እዚያ በር ላይ ደግሞ ሰው አይጠፋም። ዛሬ አነባለሁ፣ ነገ አነባለሁ ስትል አምስት ወር አለፈ። ያው አሮጊቷ ነግራኛለች፣ ምን ቀረ? አለች ለራሷ።

ታዲያ እጇ የሚያውቀውን ሠራ። ጥርት ያለችውን፣ ረዘም ያለችውን፣ የምታበራዋን ወደ ፕላስተሩ። ደብዛዛዋን፣ ቀላ ያለችውን፣ ጠርዟ የሟሟውን ወደ ግራ። እነሱም ዚርኮን እንደሆኑ ታውቃለች፤ ሁለተኛ ደረጃ ናቸው፣ በቃ። አልጣለቻቸውም ግን። መጋዘን ውስጥ የተለቀመው ብጣሪ እንኳ ይመዘናል፣ መጣል ክልክል ነው። ስለዚህ በትናንሽ ብልቃጥ እየከተተች፣ በየብልቃጡ ላይ የወንዙን ቦታ ቁጥር ጻፈች፣ ከቁጥሩ ሥር አንድ ጥቁር ክብ አጠቆረች፣ በታችኛው መሳቢያ ደረደረቻቸው። ዘጠኝ ብልቃጥ። የጠየቃት የለም፤ የነገረችውም የለም።

ሙከራዋ ሊያልቅ አንድ ወር ሲቀረው፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ዶክተሯ ሁለቱንም ጠራቻቸው። ኮምፒውተሩ ላይ አንድ ግራፍ ነበር። በአንድ በኩል እንደ ጉብታ ከፍ ያለ መስመር፤ ከዚያ ወዲያ እንደተተኮሰ አንሶላ ለጥ ያለ።

«ይኸውላችሁ የአምስት ወር ድካማችን» አለች። «ዘጠኙም ቦታ ያው ነው። ጉብታው ሠላሳ ሚሊዮን ዓመት ላይ ነው። ከዚያ በፊት ምንም የለም። እሳት የሚባል አልነበረም።»

«አገሩ ተኝቶ ነበራ» አለ የማሽኑ ሰውዬ።

«ቁጥሩ የሚለው ይህንን ነው። እውነት ለመናገር እኔም ገርሞኛል። በዚህ አካባቢ የቆዩ ፍሬዎች ይጠፋሉ ብዬ አላሰብኩም። የቆዩት ብዙ ጊዜ ደብዛዛና ቀላ ያሉ ናቸው፤ እዚህ ግን አንድም አልመጣ።»

የለቃሚዋ ዓይን ወደ ታችኛው መሳቢያ ሄደ። «አንድም?» አለች።

«አንድም።» ዶክተሯ መነጽሯን ፍለጋ ጠረጴዛውን ዳሰሰች። «በሉ እንግዲህ፣ ሐሙስ የምርምር ጽሑፉን ለመጽሔቱ እልከዋለሁ። ከዚያ ያንቺን የቋሚነት ደብዳቤ እጽፋለሁ። ሳልረሳው።»

በምሳ ሰዓት ክፍሉ ባዶ ሲሆን ለቃሚዋ ወደ በሩ ሄደች። ጣቷን ከወረቀቱ ላይ አደረገች። አንድ፣ እጅ መታጠብ። ሁለት፣ ወንፊቱን በየጊዜው መቦረሽ። ኮሪደሩ ላይ ኮቴ ሲሰማ ጣቷን ትሰበስባለች፣ ሲያልፍ ትመልሳለች። አምስተኛው ላይ ስትደርስ ሦስት ጊዜ አነበበችው፤ የተሳሳተችው ንባቡን እንዲሆን እየተመኘች። «ፍሬዎችን በመልክ ሳይመርጡ፣ ጥርት ያለውንም ደብዛዛውንም፣ ያገኙትን በተራ መልቀም።»

ምሳዋን ሳትከፍት መለሰችው።

ማታ እህትየዋ የተማሪ ዩኒፎርም እጅጌ እየገጠመች ነበር። ለቃሚዋ ከበሩ ሥር ተቀምጣ ሁሉንም ነገረቻት። እህትየዋ እስከ መጨረሻው ሰማቻት።

«ማን ያውቃል?» አለች።

«ማንም።»

«ታዲያ ምን አንቀዠቀዠሽ? ከሠላሳ ሚሊዮን ዓመት በፊት እሳት ነደደ አልነደደ፣ ለጎረቤት ምኑ ነው? ደብዳቤሽን ተቀበይ። ብልቃጡን ለወንዙ መልሺለት። ዝም አይነቅዝም!»

«እትዬ፣ ባቄላ መቼ ነው የሚነቅዘው? ዝም ብሎ ሲቀመጥ እኮ ነው።»

እህትየዋ ሳቋ መጣባት፤ ሳቋን ዋጠችና ተቆጣች። «ቀልዱን ተዪው! ያን ሳል ረሳሽው? አምና በዚህ ሰዓት ትራስ ደግፈሽ ቁጭ ብለሽ ነበር የምታድሪው። እኔ ነኝ የማውቀው፣ እኔ ነኝ ስሰማ ያደርኩት።»

«አልረሳሁትም።»

«ካባረሩሽስ?»

የስፌት መኪናው ድምፅ ጥቂት ሄደና እንደገና ቆመ። እህትየዋ እጅጌውን ወደ መብራቱ አንስታ አየችው። ተገልብጦ ነበር የተገጠመው፤ የግራው በቀኝ ገብቷል። ልትስቅም ልትናደድም ቃጥቷት መተርተሪያዋን አነሳች።

«ተመልከች እንግዲህ፣ አንቺ ነሽ ያሳሳትሽኝ» አለች። ክሩን እየመነጨቀች ቆየች። «ጽሑፉ መቼ ነው የሚላከው?»

«ሐሙስ።»

«ዛሬ ማክሰኞ ነው። ታዲያ ገና በሳሙና የተሰመረ ነው ማለት ነው፣ መርፌ አልነካውም። የተሰመረ ይጠረጋል። ከተሰፋ በኋላ ነው መከራው።» ቀና ብላ አየቻት። «ብቻ ስትነግሪያት መሬት መሬት አትይ። ሌባ ነው የምትመስዪው።»

በማግስቱ ለቃሚዋ ዘጠኙን ብልቃጥ በሳህን ደርድራ መቀመጫዋ አጠገብ አስቀመጠች። ዶክተሯና የማሽኑ ሰውዬ ኮምፒውተሩ ላይ አጎንብሰዋል። አንድ ጊዜ ተነሳች፣ ተመልሳ ተቀመጠች። ሁለተኛ ተነስታ ግማሽ መንገድ ሄዳ ቆመች። የማሽኑ ሰውዬ ዞር ብሎ አያት።

«ወፌ ቆመች!» አለ እያጨበጨበ።

ሌላ ቀን ቢሆን ትስቅ ነበር። «ዶክተር» አለች። «ደብዛዛዎቹ አሉ። አሉ፣ እኔ ጋ ናቸው። ጥሩ ጥሩውን ብቻ ነው ስለቅም የኖርኩት። እነዚህ የተረፉት ናቸው።»

የማሽኑ ሰውዬ እጁ አየር ላይ ቀረ። ዶክተሯ ብልቃጦቹን አየች፣ ከዚያ በሩ አጠገብ ያለውን ወረቀት አየች።

«መመሪያውን አላነበብሽውም?»

ከሁሉ የፈራችው ይህንን ነበር። ካፈርኩ አይመልሰኝ አለች በልቧ። «ትናንት ነው ያነበብኩት። ማንበብ እችላለሁ። ግን በጣት ነው፣ ቀስ እያልኩ። ሰው ሲያየኝ ደግሞ ይጠፋብኛል። ስለዚህ ተውኩት።»

ዶክተሯ አንዱን ብልቃጥ አንስታ ወደ መስኮቱ ያዘችው።

«የየትኛው ቦታ እንደሆነ ይታወቃል?»

«ቁጥሩ ላዩ ላይ አለ። ጥቁሩ ክብ ደብዛዛ ማለት ነው። አላቀላቀልኩም። ወንፊቱንም እቦርሽ ነበር።»

«ለምን አልጣልሻቸውም?»

«ባቄላ ቤት መጣል ክልክል ነው።»

ዶክተሯ ከብልቃጡ ጥቂቱን ሳህን ላይ አፍስሳ ማይክሮስኮፑ ላይ ተቀመጠች። በጣም ቆየች። ስትነሳ ፊቷ ምን እንደሚል አይታወቅም ነበር። «ሐሙስ አይላክም» ብቻ አለች። ስለ ደብዳቤው አላነሳችም።

የቀጠሉት ሦስት ሳምንታት ለለቃሚዋ ረጅም ነበሩ። የየቦታውን፣ ገና ሙጫ ያልፈሰሰበትን ጥርት ያለ ፍሬ ከደብዛዛው ጋር እንደገና ቀላቅላ፣ በመልክ ሳትመርጥ እንድትለቅም ታዘዘች። ከባቄላ ሁሉ የከበዳት ይህ ነው። ዓይኗ ደብዛዛዋን ሲያይ እጇ ወደምታበራዋ ይሸሻል። በመጨረሻ ዘዴ አገኘች። ከሳህኑ ሥር በመስመር የተከፋፈለ ወረቀት አስገባችና፣ እንደ አራሚ ከጥግ ጀምራ፣ አንዱን መስመር ሳትጨርስ ወደ ሌላው ላለመሻገር ለራሷ ማለች። በመርፌዋ ጫፍ አንዲት ቀላ ያለች፣ ጥርሷ የረገፈ የምትመስል ፍሬ ስታነሳ «ነይ እስቲ አንቺም» ትላለች በሹክሹክታ። የማሽኑ ሰውዬ ሰምቶ እንዳልሰማ ሆነ። ለእሱ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ሙከራዋ ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው ጠራት። «ወፌ! ቶሎ ነይ፣ ኧረ ቶሎ!»

ዶክተሯ ቀድማ እዚያ ነበረች። ግራፉ ላይ የሠላሳው ጉብታ አለ። ከእሱ ራቅ ብሎ፣ አንሶላ በነበረው ቦታ፣ መቶ ስልሳ ሚሊዮን ዓመት ላይ ሌላ ጉብታ ቆሟል። ከዚያም አልፎ ስድስት መቶ ሚሊዮን አካባቢ ጥቂት ፍሬዎች እዚህም እዚያም ነበሩ።

«ሁሉም አልሆኑም» አለች ዶክተሯ። «አንዳንዶቹ በጣም ተጎድተው ቁጥራቸው የማይታመን ነው፤ አውጥተናቸዋል። የቀሩት ግን እንዲህ አሉ። ለምን እንደደበዘዙ ታውቂያለሽ? ያው ዩራኒየሙ ነው። ውስጣቸው ሆኖ ሲለወጥ፣ ሲለወጥ፣ ይጎዳቸዋል። ብዙ ዩራኒየም ይዞ ብዙ የቆየ ይደበዝዛል። ዕድሜያቸው ነው መልካቸው ላይ የወጣው።»

ለቃሚዋ ሁለተኛውን ጉብታ በጣቷ ነካችው። ሰው እያያት መሆኑን ረስታ ነበር። «ይህ ተራራ የት ነው ያለው?»

«የለም። ካርታ ላይም የለም፣ መሬት ላይም የለም። ታጥቦ አልቋል። ከእሱ የቀረው ያንቺ መሳቢያ ውስጥ የነበረው ነው።»

«ጉድ እኮ ነው!» አለ የማሽኑ ሰውዬ። «ተራራ ሙሉ መሳቢያ ውስጥ ቆልፋ ምሳዋን ትበላ ነበር።»

ይህን ጊዜ ሳቀች። ለሦስት ሳምንት ያልሳቀችውን ሁሉ ሳቀች፤ እስኪያስላት ድረስ። ሳሉ ግን የሳቅ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ዶክተሯ ቢሮዋ አስጠራቻት። ወንበር አሳየቻት። ወረቀት ከመሳቢያዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችና እጇን በላዩ አደረገች።

«አጥፍተሻል» አለች። «እኔም አጥፍቻለሁ። አምስት ወር ሙሉ ሙሽራ ሙሽራ ፍሬ ሲመጣልኝ፣ ሌሎቹ የት ሄዱ ብዬ መጠየቅ የኔ ነበር። ማማራቸው ደስ አለኝና ዝም አልኩ። አዲሱ ጽሑፍ ላይ እንዴት እንደተለቀሙ ሁሉ ይጻፋል፤ መጀመሪያ የተሳሳትነውም ጭምር።» እጇን ከወረቀቱ አነሳች። «ይኸው። ቋሚ ነሽ። መጨረሻው ላይ ፈርሚ።»

ለቃሚዋ እስክሪብቶውን ተቀበለች። በሕይወቷ ስንት ወረቀት ፈርማለች፤ የመጋዘኑን፣ የቤት ኪራዩን፣ ሁሉንም «እዚህ ጋ» ሲሏት እዚያው ጋ። እስክሪብቶውን ወረቀቱ ላይ ልታሳርፍ ስትል ቆመች። መልሳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና... ላንብበው?»

«አንብቢው እንጂ።»

«ቆይታ አለው።»

«የመቶ ስልሳ ሚሊዮን ዓመት እሳት የጠበቀ ሰው ያንቺን ንባብ መጠበቅ ያቅተዋል?» አለች ዶክተሯ፣ ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋ አድርጋ።

ለቃሚዋ ጣቷን ከመጀመሪያው ቃል ሥር አደረገች። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ሁለት ቦታ ላይ ተሳሳተችና ተመለሰች። ዶክተሯ አላረመቻትም፣ ሰዓቷንም አላየችም፤ ግንባሯ ላይ ያለውን መነጽር በመስኮቱ ጠርዝ ላይ ትፈልግ ነበር።

በሩ ተንኳኳ። የማሽኑ ሰውዬ አንገቱን አስገባ። «እህትሽ በር ላይ ቆማለች፣ ወፌ። ድንበሯን የገፋባት ይመስል ዘበኛውን ታፋጥጠዋለች፤ አባረሯት ወይስ አላባረሯትም እያለች። ምን ልበላት? ጨረሳችሁ?»

«ገና ነን» አለች ለቃሚዋ፣ ዓይኗን ከወረቀቱ ሳታነሳ። «ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ነኝ። ትቀመጥና ትጠብቀኝ በላት።»

ጣቷም ወደሚቀጥለው መስመር ወረደ።